ከማማው ጀርባ ያለው መንገድ



ስለ ስልክ ስናማርር ሁለት ዓይነት አቤቱታ አለን። አንደኛው «ኔትወርክ የለም» የሚለው ነው፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። ሁለተኛው ይበልጥ ያንገበግባል፦ «ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ግን አይሠራም»። በስልኩ ጥግ ያሉት ሰረዞች አንድም አልጎደሉም፤ ማማው ማዶ ቆሞ ይታያል፤ ቴሌግራም ላይ የተላከች አንዲት ፎቶ ግን አልከፈት ብላ ክቧ ትሽከረከራለች። ሰውየው ስልኩን አጥፍቶ ያበራል፤ ሲሙን አውጥቶ በሸሚዙ ጠርጎ ይመልሳል፤ በመጨረሻም ስልኩን ይረግማል። ስልኩ ግን ብዙ ጊዜ ከደሙ ንጹሕ ነው።

ሰረዞቹ የሚያውቁት ከስልኩ እስከ ማማው ያለችውን አጭር መንገድ ብቻ ነው። ማማው የተቀበለውን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ፣ የሚሄድበት መንገድ ሰፊ ይሁን ጠባብ፣ አይነግሩንም። ዛሬ የምናገረው ስለዚያኛው መንገድ ነው። ባለሙያዎቹ ባክሆል ይሉታል።

ከማማው በኋላ ያለው ሳተላይት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሌላ መንገድ የሌላቸው ሩቅ ሳይቶች በእርግጥ በሳተላይት ይሠራሉ። ነገር ግን ለዚህ አገልግሎት ለረጅም ዘመን የኖሩት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያሉት ናቸው፤ ድምፅ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። «ሃሎ» ብሎ መልሱን ለመስማት ደግሞ ግማሽ ሰከንድ። የየቀኑ ስልካችን ሁሉ በዚያ በኩል ቢያልፍ ኖሮ አንዱ የሌላውን ንግግር ሲያቋርጥ ይውል ነበር። አብዛኛው ማማ ከዓለም ጋር የሚገናኘው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ፋይበር ይደርሰዋል፣ ወይ ከሌላ ማማ ጋር በማይክሮዌቭ ሊንክ ይያያዛል።

ማማውን ቀና ብላችሁ ስታዩት ሁለት ዓይነት ዕቃ ተሰቅሎበታል። ረጃጅሞቹ ጠፍጣፋ ሳጥኖች የእኛን ስልክ የሚያነጋግሩት አንቴናዎች ናቸው። ክብ ሆነው ፊታቸው በሽፋን የተወጠረው ደግሞ የማይክሮዌቭ ዲሾች ናቸው። የቤታችን ዲሽ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፤ እነዚህ ግን አግድም ነው የሚያዩት፤ የሚያዩት ሌላ ማማ ነውና። እያንዳንዱ ዲሽ በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቀው አንድ ሌላ ዲሽ ብቻ ነው።

ከስልካችን የወጣው መልእክት በማማው ሥር ባለው ካቢኔ ውስጥ ከጎረቤቶቻችን መልእክት ጋር ይደባለቅና በኬብል ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከዲሹ ጀርባ በብሎን ወደታሰረች ሬዲዮ ይገባል። ሬዲዮዋ የሞገዱን ከፍታና የአነሳሱን ጊዜ እየለዋወጠች መልእክቱን ትጽፍበታለች። አራት ዓይነት ቅርጽ ብቻ ከተጠቀመች በእያንዳንዱ ምት ሁለት ቢት ትልካለች፤ 256 ቅርጽ ከተጠቀመች ስምንት ቢት፤ 4,096 ከሆነ አሥራ ሁለት። 28 ሜጋኸርዝ ስፋት ባለው ቻናል ላይ ምቱ በሰከንድ ከ20 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይደጋገማል። በ256ቱ ቅርጽ ሲሰላ በሰከንድ 180 ሜጋቢት ገደማ ይወጣዋል።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ በ4,096ቱ አይሠራም? ቅርጾቹ በበዙ ቁጥር እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ተቀባዩ አንዱን ከሌላው ለመለየት ጥርት ያለ ሞገድ ይፈልጋል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ክረምት ሲገባ ያስፈልገናል።

አሁን አንድ ሊንክ እናስላ። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር፣ ፍሪኩዌንሲው 7 ጊጋኸርዝ፣ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ዲሾች የጎን ስፋታቸው 1.8 ሜትር ይሁን። የሬዲዮዋ ጉልበት ግማሽ ዋት ነው፤ የድሮ የባትሪ መብራት አምፖል ከዚያ የበለጠ ይፈጃል። ዲሹ ይህችን ጉልበት ሰብስቦ ከሁለት ዲግሪ በጠበበ ጨረር ይልካታል። ማዶ ላለው ዲሽ የሚደርሰው የዋት አምስት ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ይህ ያሳዝናል የሚል ካለ፣ ለተቀባዩ ግን ድግስ ነው፤ ከዚህ አንድ ሺህኛው ብቻ ቢደርሰውም በአግባቡ ያነባል። ይህ ትርፍ የተተወው ለክፉ ቀን ነው።

ጨረሩ ጠባብ ስለሆነ ዲሾቹን ማገናኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በሁለቱም ማማ ላይ ቴክኒሻን ይወጣል፤ አንዱ ዲሹን በብሎን ጥቂት ጥቂት እያዞረ በሜትር ይለካል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ጀማሪ የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ከዋናው ጨረር ግራና ቀኝ ደካማ ጨረሮች አሉ፤ ሜትሩ በእነሱም ላይ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል። ጀማሪው «አገኘሁት» ብሎ ብሎኑን ያጠብቃል። ሊንኩ ይሠራል፣ ግን መድረስ ካለበት ከመቶ አንዱን እንኳ ላይቀበል ይችላል። በጋውን ያለምንም ችግር አልፎ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ይወድቃል፤ ሰውም ዝናቡን ይወቅሳል።

ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1931 በእንግሊዙ ዶቨርና በፈረንሳዩ ካሌ መካከል በ18 ሳንቲሜትር ሞገድ ባሕሩን አሻግሮ መነጋገር እንደሚቻል ታየ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1951፣ ኤ ቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኒው ዮርክን ከሳን ፍራንሲስኮ በ107 ማማዎች አገናኘ። 40 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። በዚያው ዓመት መስከረም መግቢያ ላይ ፕሬዚዳንት ትሩማን በሳን ፍራንሲስኮ የጃፓንን የሰላም ስምምነት ጉባኤ ሲከፍቱ ያደረጉት ንግግር ከዳር እስከ ዳር በቴሌቪዥን ታየ። ምስሉ አገሩን ያቋረጠው ከማማ ማማ እየተቀባበሉት ነው።

ለምን 107? ለምን በየ50 ኪሎ ሜትሩ ገደማ? ሞገዱ ስለሚደክም ብቻ ይመስላል፤ ዋናው ምክንያት ግን ምድር ክብ መሆኗ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ሊንክ መካከል ላይ ምድር 49 ሜትር ያህል ታብጣለች። በዚህ ላይ ሞገዱ እንደ ክር ቀጭን አይደለም፤ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ይወፍራል። ፍሬኔል የተባለው ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ስለ ብርሃን ባጠናው መሠረት ሲሰላ፣ በምሳሌያችን ሊንክ መካከል ላይ ከመሃል ወደ ዳር 23 ሜትር ውፍረት አለው። ከዚህ ቢያንስ 60 በመቶው ከእንቅፋት ነጻ መሆን አለበት። ስለዚህ በመነጽር አይተን «ማማው ይታየኛል» ማለት አይበቃም። ሜዳ ላይ ከፍ ያለ ማማ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ተራራ ካለ ግን ሌላ ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በቀይ ባሕር ላይ፣ በዚህ ሙያ ስሙ የሚነሳ ሊንክ ተሠርቶ ነበር። በሱዳን በኩል 2,170 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በጀበል ኤርባ፣ በሳውዲ በኩል ደግሞ 2,572 ሜትር በሆነው በጀበል ዳካ ላይ ዲሾች ተተክለው፣ ቴሌትራ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 አገናኛቸው። ርቀቱ 360 ኪሎ ሜትር ነው። በ2 ጊጋኸርዝ 300 የስልክ መስመርና አንድ የቴሌቪዥን ሥርጭት ያሻግር ነበር።

ይህን ሊንክ የምወደው ሒሳቡ ስለሚያስደነግጥ ነው። በ360 ኪሎ ሜትር መካከል ላይ የምድር እብጠት፣ አየር የሚባል ነገር ባይኖር፣ 2,540 ሜትር ይሆናል። የሁለቱ ተራሮች ከፍታ አማካይ ደግሞ 2,370 ሜትር ነው። ባሕሩ መሃል ላይ ይጋርዳቸዋል ማለት ነው፤ ሊንኩ አይሠራም። የሠራው አየር ስላለ ነው። አየሩ ከታች ጠቅጠቅ ያለ፣ ከላይ የሳሳ በመሆኑ ሞገዱን ወደ ምድር ጎንበስ ያደርገዋል፤ መሐንዲሶች ምድርን ከስፋቷ በሲሶ እንዳደገች አድርገው ያሰሉታል። በዚያ ሒሳብ እብጠቱ ወደ 1,900 ሜትር ይወርዳል፤ ከ450 ሜትር የሚበልጥ ክፍት ቦታ ይገኛል። የሞገዱ ውፍረት ደግሞ 116 ሜትር ብቻ ስለሆነ እንደልቡ ያልፋል። ተራሮቹን የመረጠው ሰው በሚያስፈልገው ልክ መርጧል።

ሞገዱን ጎንበስ የሚያደርገው አየር ግን ታማኝ አይደለም። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ሜዳ ወይም ውሃ ላይ፣ ቀዝቃዛ አየር ከታች ሞቃት ከላይ ይተኛና ሞገዱ ባልተጠበቀ መንገድ ይታጠፋል። አንዱ ሞገድ በሁለት መንገድ ሄዶ ሲደርስ ራሱን በራሱ ያጠፋል። መድኃኒቱ በአንድ ማማ ላይ ሁለተኛ ዲሽ ዝቅ አድርጎ መስቀል ነው፤ አንዱ ሲታወር ሌላው ያያል። አንድ ማማ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ከላይና ከታች የተሰቀሉ ሁለት ዲሾች ካያችሁ፣ ለጌጥ አይደለም።

እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ለመንገድ ሠሪ መከራ የሆነው የአገራችን መሬት ለማይክሮዌቭ በረከት መሆኑ ነው። ዓባይ ሸለቆን በመኪና የተሻገረ ያውቀዋል፤ ከጎሐ ጽዮን ተጠማዝዞ ወርዶ ወደ ደጀን ተጠማዝዞ መውጣት ነው። ፋይበርም መሬት ላይ የሚዘረጋ ስለሆነ ገደሉን መውረድ አለበት። ሞገድ ግን ከአፋፍ እስከ አፋፍ በቀጥታ ይዘላል፤ ከሥሩ ያለው ባዶ አየር ስለሆነ ከሜዳ ይልቅ ገደል ይስማማዋል። በተራራው አናት ላይ አጭር ማማ ይበቃል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ወደዚያ አናት ባትሪና ነዳጅ ማድረስ።

ደግሞ የእኛው ባሕር ዛፍ አለ። ሊንኩ ሲሠራ ችግኝ የነበረው ከዓመታት በኋላ ሃያ ሜትር ያልፋል፤ የሞገዱን ሆድ ቀስ በቀስ ይበላል። ማንም ምንም ሳይነካ ሊንኩ ከዓመት ዓመት ይደክማል። በከተማ ደግሞ የባሕር ዛፉን ሥራ አዲስ ፎቅ በአንድ ዓመት ይሠራዋል።

ወደ ዝናቡ እንምጣ። ከ10 ጊጋኸርዝ በታች ዝናብ ብዙ አይጎዳም። ከዚያ በላይ ግን የሞገዱ ርዝመት ወደ ዝናብ ጠብታ መጠን ስለሚቀርብ ጠብታው ጉልበቱን ይውጠዋል፣ ይበትነዋልም። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር በሚጥል ዶፍ ውስጥ፣ በ23 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ሊንክ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወደ 7 ዴሲቤል ያጣል፤ ጉልበቱ ወደ አምስተኛ ይወርዳል ማለት ነው። በ80 ጊጋኸርዝ ደግሞ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከሃምሳኛ በታች ይወርዳል። ጠብታ ሲወርድ ጠፍጠፍ ስለሚል፣ አግድም የሚወዛወዝ ሞገድ ቀጥ ብሎ ከሚወዛወዘው የበለጠ ይጎዳል።

«ያዙልኝ» ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። የዛሬዎቹ ሬዲዮዎች ዝናቡ ሲጠነክር ሊንኩን አይጥሉትም፤ የቅርጾቹን ቁጥር ይቀንሳሉ። ከ4,096 ወደ 256፣ ከዚያ ወደ 16፣ የባሰ ከሆነም ወደ 4። ከአሥራ ሁለት ቢት ወደ ሁለት ሲወረድ አቅሙ ወደ ስድስተኛ ይቀንሳል። ለጥሪና ለአጭር መልእክት ቅድሚያ ስለሚሰጥ ስልክ ይደወላል፤ ቪዲዮ ግን ይቆማል። ሰረዞቹ አልተነኩም፤ ከስልኩ እስከ ማማው ያለው ሞገድ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ ዝናብ እምብዛም አይነካውም። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ «ሙሉ ነው፣ ግን አይሠራም» ካላችሁ፣ ሰማያችሁ ጥርት ያለ ቢሆንም፣ በእናንተና በሚቀጥለው ማማ መካከል ዶፍ እየጣለ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ጥፋት ወደ ጥቅም ለውጠውታል። ሊንኩ በዝናብ ስንት እንዳጣ ኦፕሬተሩ በመዝገብ ይይዛል፤ ታዲያ ከጠፋው ጉልበት ተነስቶ የዘነበውን ማስላት ይቻላል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲዋ ሐጊት ሜሰርና ባልደረቦቿ ይህን እ.ኤ.አ. በ2006 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳተሙት። በ2013 ደግሞ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከሞባይል ሊንኮች ብቻ ተነስተው የመላ አገሪቱን የዝናብ ካርታ ሠሩ። ቡርኪና ፋሶም ላይ ተሞክሮ ሠርቷል። የዝናብ መለኪያ በሩቅ በሩቅ በተተከለበት አገር፣ ለስልክ ተብሎ የተተከለ ዲሽ ሁሉ ሳያውቀው ዝናብ ይለካል። መዝገቡ ከኦፕሬተሩ ኮምፒውተር ወጥቶ ለሜትዎሮሎጂ ባለሙያ ቢደርስ ነው ጥቅሙ።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ ልግባ። ዝናብም ጭጋግም በሌለበት ቀን ለምን ይዘገያል?

በሁለተኛው የሞባይል ኔትወርክ ትውልድ ዘመን አንድ ማማ የሚፈልገው ጥቂት ነበር። ኢ-ዋን የሚባለው መስመር በሰከንድ 2 ሜጋቢት ሆኖ 30 ጥሪ ይሸከማል፤ ለገጠር ማማ አንድ ሁለት ኢ-ዋን ይበቃ ነበር። የአራተኛው ትውልድ ማማ ግን በሦስት አቅጣጫ፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ እስከ 150 ሜጋቢት በሰከንድ ማስተናገድ ይችላል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ጣሪያ አይነኩም፤ ቢሆንም ከጀርባው ያለው ሊንክ የድሮው ሆኖ ከቀረ፣ ሰፊ አስፋልት አንድ መኪና ብቻ ከሚያሳልፍ የድሮ ድልድይ ላይ ሲደርስ የሚሆነው ይሆናል። የፊቱ አንቴና ይታደሳል፣ ምርቃቱ ይደረጋል፤ የኋላው ዲሽ ዓመቱን ይጠብቃል።

ነገሩ ሰንሰለት ሲሆን ይብሳል። አምስት ማማዎች ተራ በተራ ተያይዘው የመጨረሻው ብቻ በሌላ ሊንክ ከፋይበሩ ጋር ተገናኝቷል እንበል። ማታ ማታ እያንዳንዱ ማማ በሰከንድ 60 ሜጋቢት ቢፈልግ፣ ወደ ፋይበሩ የሚገባው ሊንክ 300 መሸከም አለበት። የተሠራው ለ180 ከሆነ፣ እኩል ቢካፈሉ እንኳ ለእያንዳንዱ 36 ይደርሰዋል። እኩል ካልተካፈሉ ደግሞ የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለው መንደር ነው የሚጎዳው። በዚያ መንደር አዲስ ማማ ብትተክሉ አንድ ሜጋቢት እንኳ አይጨምርም፤ ጠባቡ ቦታ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሊንክ ነውና።

ሰንሰለቱ የኃይል መቋረጥንም ይጋራል። እያንዳንዱ ሳይት በ48 ቮልት ባትሪ፣ በጄኔሬተር ወይም በፀሐይ ይደገፋል። ፋይበሩ አጠገብ ያለው ሳይት ባትሪው ካለቀ፣ ከኋላው ያሉት አራቱ ብርሃን እያላቸው መውጫ ያጣሉ። ማማ መውጫ ሲያጣ አብዛኛውን ጊዜ ስልኮችን ማስተናገድ ያቆማል፤ ያን ጊዜ ወረዳው በሙሉ በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። መጀመሪያ ላይ ያቆየነው «ኔትወርክ የለም» የሚለው አቤቱታም ብዙ ጊዜ የጀርባው መንገድ ጉዳይ ነው።

«ሁሉንም በፋይበር ማገናኘት ነው» የሚል ይኖራል። በአቅም ፋይበርን የሚወዳደረው የለም፤ እሱን አልከራከርም። ግን ቁፋሮ ወራት ይፈጃል፣ ሊንክ በቀናት ይተከላል፤ መንገድ የሚሠራ ኤክስካቫተር ፋይበር ይቆርጣል፣ ሞገድ አይቆርጥም። በፍጥነትም ቢሆን አየር ይቀድማል፤ ብርሃን በፋይበሩ መስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ፣ ሞገድ በአየር 300,000 ይደርሳል። በሺካጎና በኒው ጀርሲ የፋይናንስ ገበያዎች መካከል፣ ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ለመግዛት የሚሽቀዳደሙ ነጋዴዎች ፋይበሩ እያለላቸው ወደ ማይክሮዌቭ ማማ የተመለሱት ለዚህ ነው። ለእኛ ልዩነቱ አይታወቀንም፤ ሞገድ የድሃ መንገድ ነው ለሚሉ ግን መልስ ይሆናል።

ሊንክን ማስፋትም ይቻላል። በዚያው ዲሽ ላይ አግድምና ቀጥ ያሉ ሞገዶችን ባንድ ላይ በመላክ አቅሙን እጥፍ ማድረግ ይቻላል። ሰፋ ያለ ቻናል ማስፈቀድም አለ። አጭር ርቀት ከሆነ በ80 ጊጋኸርዝ አካባቢ በሰከንድ 10 ጊጋቢት ይላካል፤ ለጥቂት ኪሎ ሜትር፣ ዝናቡን እያሰቡ። ሰንሰለቱን በሌላ ሊንክ ከጫፉ ወደ ፋይበር አዙሮ ቀለበት ማድረግም አለ፤ አንዱ በኩል ሲቆረጥ በሌላው ይዞራል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከአዲስ ማማ ግን ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ችግሩ ሥራው አለመታየቱ ነው። ማማ ሲተከል ሪባን ይቆረጣል፤ ሊንክ ሲሰፋ የሚያጨበጭብ የለም፤ በሪፖርትም ላይ የሚቆጠረው ማማ ነው።

ስለዚህ የአካባቢያችሁን አቤቱታ ይዛችሁ ወደ ኦፕሬተር ስትሄዱ፣ «ማማ ይጨመርልን» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የማማችን ሊንክ በሰከንድ ስንት ሜጋቢት ነው? ከእኛ እስከ ፋይበሩ ስንት ሊንክ አለ፣ ከመካከላቸውስ ጠባቡ የትኛው ነው? ፋይበሩ አጠገብ ያለው ሳይት መብራት ሲጠፋ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ሦስቱም መልሳቸው ቁጥር ነው፤ ኦፕሬተሩም በየዕለቱ የሚከታተላቸው ናቸው። የእናንተን ጥያቄ ደግሞ አሁን እቀበላለሁ፤ ማይክሮፎኑ ከኋላ ወንበር ይጀምር።